«ትድኛለሽ፣ ትከብሪያለሽ»፦ የኔትወርክ ንግድ ታሪክ



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «ኔትወርክ ማርኬቲንግ» ስለሚባለው ንግድ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው። ሐኪምም የሒሳብ ሰውም አይደለሁም። ታሪክ ማንበብ ግን እወዳለሁ፤ ማታ ሥራ ሲያልቅ በስልኬ አነባለሁ። የዚህን ንግድ ታሪክ ወደ ኋላ ሄጄ ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። እዚህ ፈርዋኒያና ሳልሚያ፣ ጁምዓ ጁምዓ እንደ አዲስ ነገር የሚነገረን ሁሉ ከ70 እና ከ80 ዓመት በፊት ተነግሯል። የዕቃውና የካምፓኒው ስም ይለወጣል እንጂ ቃሉ ያው ነው፦ «ትድኛለሽ፣ ትከብሪያለሽ»። ሁለቱ ቃሎች ለምን አብረው እንደሚሄዱ ካወቅን፣ ነገ በሌላ ስም ሲመጣም እንለየዋለን።

ዓመቱን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የአገራችንን ሕግ ስጠራ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ይሆናል።

አሠራሩ

መጀመሪያ አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ሻይ፣ ቡና፣ የቫይታሚን ዱቄት ወይም የእጅ አምባር ገዝታ ትመዘገባለች። ከዚያ ሁለት ዓይነት ገቢ አለሽ ትባላለች። አንደኛው ዕቃውን ሸጣ የምታገኘው ትርፍ ነው። ሁለተኛው፣ ሌሎች ሰዎችን ስታስገባ እነሱ ከሚገዙት ላይ የሚታሰብላት ነው። እነሱ ደግሞ ሌላ ሰው ሲያስገቡ ከዚያም ይታሰብላታል። ከላይ ያለችው «አፕላይን»፣ ከታች ያሉት «ዳውንላይን» ይባላሉ። ሰው የሚጓጓው ለሁለተኛው ገቢ ነው፤ ተኝተሽም ይገባልሻል ስለሚባል።

ከካሊፎርኒያ የመጣ ኪኒን

ካርል ሬንቦርግ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ቻይና ኖሮ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1934 ካሊፎርኒያ ውስጥ የቫይታሚን ካምፓኒ አቋቋመ። ጣሊያን አገራችንን ሊወር አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። በ1939 የካምፓኒውን ስም ኒውትሪላይት አለው። ኪኒኑ አልፋልፋ ከሚባለው የከብት መኖና ከሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት የተሠራ ነበር።

በ1945 የሽያጩን ሥራ ሁለት ሰዎች ያዙት። አንዱ ሊ ማይቲንገር ይባላል፤ ቀድሞ የመቃብር ቦታ ይሸጥ ነበር። ሌላው ዊልያም ካስልቤሪ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ሻጭ የሆነ ሰው ሌላ ሻጭ ሲያስገባ ከዚያ ሰው ሽያጭ እንዲያገኝ፣ ከእሱ በታችም ከሚገቡት እንዲደርሰው አደረጉ። ዛሬ የምናውቀው የኔትወርክ ንግድ አባት ይህ ነው።

ሻጮቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ይይዙ ነበር። ርዕሷ በእኛ ቋንቋ «ከሕመም ድኖ በጤና ስለመኖር» እንደ ማለት ነው። ኪኒኑ ለብዙ ዓይነት በሽታ እንደሚረዳ ታስረዳለች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ይህን አይቶ በ1948 መጨረሻ ላይ ዕቃውን 11 ጊዜ ያዘው። ሁለቱ ሰዎች መንግሥትን ከሰሱ፤ ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1950 ተረቱ። በ1951 ደግሞ በሽታ ያድናል ማለቱን እንዲያቆሙ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተስማሙ።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ካምፓኒ በወረቀት ሲጽፍ ይያዛል። ሻጭዋ በቃሏ ስትናገር ግን ማን ይይዛታል? ስለዚህ ነገሩ ከወረቀት ወደ አፍ ተሻገረ። ዛሬ ካርቶኑን ገልብጣችሁ ብታነቡ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል «ይህ ምርት በሽታን ለማከም አይደለም» ይላል። በዋትሳፕ በሚላክልን ድምፅ ግን «ስኳር ያጠፋል፣ ግፊት ያወርዳል፣ የማሕፀን እጢ ያሟሟል» ይባላል። ካርቶኑ የካምፓኒው ቃል ነው፤ ድምፁ የጓደኛችን ቃል ነው። ችግር ሲመጣ ካምፓኒው ካርቶኑን ያሳያል፤ ጓደኛችን ግን ብቻዋን ትቀራለች።

«እኔ ራሴ ጠጥቼ ድኛለሁ» የምትለን እህትም ብዙ ጊዜ እየዋሸች አይደለም። የወገብ ሕመም ጥቂት ቀን ካረፉበት ይቀላል። ጨጓራ ይነሳል፣ ይተኛል። የክሊኒኩን ኪኒን እየዋጠች ዱቄቱንም የምትጠጣ ሴት ስትድን፣ ምስጋናው ለዱቄቱ ይሄዳል፤ ዱቄቱን ነው በብዙ ገንዘብ የገዛችው። ያልዳነችው ደግሞ መድረክ ላይ ወጥታ አትናገርም። ስለዚህ የምንሰማው የዳኑትን ብቻ ነው።

«ሕጋዊ ነው» እና «ትርፍ አለው»

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል፣ ወደ «ትከብሪያለሽ» እንሂድ። ሪች ዴቮስና ጄይ ቫን አንደል የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ከ1949 ጀምሮ የኒውትሪላይት ሻጮች ነበሩ። በ1959፣ በጃንሆይ ዘመን ማለት ነው፣ ሚሺጋን ውስጥ አምዌይ የሚባለውን ካምፓኒ አቋቋሙ። ሳሙና በመሸጥ ጀመሩ፤ በኋላ ኒውትሪላይትንም ገዙት።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አምዌይን መርምሮ በ1979 ውሳኔ ሰጠ። ውሳኔው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ አምዌይ ያልተሸጠ ዕቃ መልሶ የመቀበልና ለእውነተኛ ደንበኛ የመሸጥ ደንብ ስላለው ፒራሚድ አይደለም አለ። ሁለተኛ፣ የሚገኘውን ገቢ አጋንኖ አሳይቷል፤ ከእንግዲህ ገቢ ሲያስታውቅ አማካዩን ይናገር ብሎ አዘዘ። በ1986 ይህን ትእዛዝ በማስታወቂያ ጥሷል ተብሎ 100,000 ዶላር ከፈለ።

በየአዳራሹ ግን የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው የሚነገረው፤ «ፍርድ ቤት ያጸደቀው ንግድ ነው» ይባላል። እህቶቼ፣ ፈቃድ አለው ማለት ትርፍ አለው ማለት አይደለም። ጀሊብ ውስጥ ፈቃድ ያለው ሱቅ ስንት ጊዜ ሲዘጋ አይተናል!

ከእስክሪብቶና ከወረቀት የማያልፍ ሒሳብ ላሳያችሁ። እያንዳንዷ 6 ሰው ታስገባ ይባላል እንበል። አንቺ 6 አስገባሽ፤ እነሱ 36፤ ቀጥሎ 216፤ ቀጥሎ 1,296፤ ቀጥሎ 7,776፤ ቀጥሎ 46,656፤ ቀጥሎ 279,936፤ ቀጥሎ 1,679,616። በዘጠነኛው 10,077,696 ይሆናል። ኩዌት ያለው ሰው፣ ኩዌቲውም እኛም ተደምረን፣ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። በአሥራ አንደኛው 362 ሚሊዮን ያልፋል፤ ኢትዮጵያ ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር ብትገባም አይሞላም።

ሌላም ነገር አለ። መሰላሉ የትም ደረጃ ላይ ቢቆም፣ ከ6 ሰው 5ቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። ከበታቻቸው ማንም የለም። ስለዚህ ከበታች በሚመጣ ገቢ መክበር ለጥቂት ሰው ብቻ የሚሆነው ሴቶቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ እንዲህ ስለሆነ ነው። መሪዎቹ ግን ያልተሳካላትን «አልሠራሽም፣ አላመንሽም» ይሏታል። በኪሳራዋ ላይ ሐፍረት ይጨምሩባታል፤ ስለምታፍርም ዝም ትላለች፤ ዝም ስለምትልም ቀጣይዋ ትገባለች።

በ2018 የአሜሪካ የጡረተኞች ማኅበር ፋውንዴሽን እንዲህ ያለ ንግድ ውስጥ የገቡ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ከ100 ሰው 47ቱ ከሰርን አሉ። 27ቱ ያወጣነውን ብቻ መለስን አሉ። አተረፍን ያሉት 25 ናቸው። ያውም አገሩ አሜሪካ ነው፤ መኪና ያላቸው፣ እንደ ልባቸው ወጥተው የሚገቡ ሰዎች ናቸው።

በስደተኛ ላይ

ሄርባላይፍ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1980 ማርክ ሂዩዝ የሚባል ወጣት ሎስ አንጀለስ ላይ ጀመረው። ክብደት የሚቀንስ ዱቄት ነው። በአሜሪካ ብዙ ሻጮቹ ስፓኒሽ የሚናገሩ ስደተኞች ነበሩ፤ እንደ እኛ ጽዳትና ሞግዚትነት የሚሠሩም ነበሩባቸው። የንግድ ኮሚሽኑ ካምፓኒውን ብዙ ገቢ ታገኛላችሁ እያለ ሰዎችን አታሏል ብሎ ከሰሰው። በ2016 ካምፓኒው 200 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና አሠራሩን ለመለወጥ ተስማማ። በ2017 መጀመሪያ ወደ 350,000 ለሚጠጉ ሰዎች ቼክ ተላከላቸው። አብዛኛው ሰው የደረሰው ካጣው ከፊሉ ብቻ ነው።

ሁለቱ ቃሎች ለምን አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ የታየው ግን በወረርሽኝ ጊዜ ነው። በ2014 ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ኢቦላ ሰው ሲፈጅ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ያንግ ሊቪንግና ዶቴራ ለሚባሉ ሁለት የዘይት ሽያጭ ካምፓኒዎች ማስጠንቀቂያ ጻፈ፤ ሻጮቻቸው ዘይቱ ለኢቦላ ይሆናል እያሉ ስለነበር። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ የንግድ ኮሚሽኑ በኤፕሪል ወር ለ10 የኔትወርክ ካምፓኒዎች ደብዳቤ ላከ። ከሻጮቻቸው አንዳንዶቹ «ኮሮና ይከላከላል» ይላሉ፤ አንዳንዶቹ «ከሥራ የተባረራችሁ ኑ፣ ከቤት ሆናችሁ ገንዘብ ሥሩ» ይላሉ። የታመመ ሰው ይፈራል፤ ሥራ ያጣ ሰው ይፈራል። ፍርሃት ያለበት ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ያሰራቸው ይህ ነው። የምትታመመው ሴትም ደሞዟ የማይበቃትም ብዙ ጊዜ አንዷ ሴት ናት።

ወደ አገራችን ሲመጣ

ቻይና ይህን ዓይነት ንግድ በኤፕሪል 1998 በሙሉ ከለከለች፤ ብዙ ሕዝብ ገንዘቡን አጥቶ ረብሻ ተነስቶ ነበር። ቲያንስ የሚባለው ካምፓኒ በ1995 ቲያንጂን በምትባል የቻይና ከተማ የተቋቋመ ነው። ከአገሩ ውጭ እየሰፋ ሄዶ አፍሪካ ገባ፤ ካልሲየም ዱቄቱና ሻይው እኛም አገር ደረሰ። አዲስ አበባ ያደጋችሁ የአዳራሹን ስብሰባና የኮከብ ደረጃውን ታስታውሳላችሁ።

የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ የሽያጭ ዘዴን ይከለክላል። ዕቃ ገዝተሽ ወይም ገንዘብ ከፍለሽ፣ ሽልማትሽ በምታስገቢው ሰው ብዛት የሚታሰብ ከሆነ ክልክል ነው። እዚህ ጎረቤታችን ሳዑዲም በ2004 የአገሪቱ የፈትዋ ቋሚ ኮሚቴ እንዲህ ያለውን የኔትወርክ ንግድ ሐራም ነው ብሎ ወስኗል። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የሰው ዓላማ ዕቃው ሳይሆን ኮሚሽኑ ነው፤ ዕቃው መሸፈኛ ነው ብሏል።

የስደተኛ ገንዘብ ምን ያህል ጥፋት ሊያመጣ እንደሚችል ለማየት ግን አልባኒያን ተመልከቱ። አልባኒያ በአውሮፓ ያለች ትንሽ ድሃ አገር ናት። ኮሚኒዝም ሲወድቅ ወጣቱ ወደ ግሪክና ጣሊያን ተሰደደ። እዚያ እያጸዳ፣ ግንብ እየገነባ ያገኘውን ለቤተሰቡ ላከ። ያ ገንዘብ በየወሩ ትልቅ ወለድ እንከፍላለን ለሚሉ ድርጅቶች ተሰጠ። ወለዱ የሚከፈለው አዲስ ከሚገባው ሰው ገንዘብ ነበር። ከሕዝቡ ሦስት እጅ ሁለቱ ገንዘብ አስገብቶ ነበር ይባላል። አንዳንዱ ቤቱንና ከብቱን ሸጦ አስገባ። በ1997 ሁሉም ፈረሰ። ሕዝቡ ተነሳ፣ የጦር መሣሪያ መጋዘን ተዘረፈ፣ 2,000 ገደማ ሰው ሞተ። ያ ሁሉ የሰው ቤት ወለል እየተወለወለ የተገኘ ገንዘብ ነበር።

የሚታለለው ያልተማረ ብቻ ነው እንዳትሉም እዚሁ ኩዌት ከተማ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በ1982 ሱቅ አልመናኽ በሚባል ቦታ ሕጋዊ ካልሆነ ገበያ ላይ አክሲዮን ይሸጥ ነበር። ኔትወርክ አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው የሚገዛው ነገ ሌላው በብዙ ይገዛኛል ብሎ ነው። የሚከፈለውም ለወደፊት ቀን በተጻፈ ቼክ ነበር። ኦገስት ላይ ሲፈርስ የቼኩ ድምር 94 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴውም የመንግሥት ሠራተኛውም ውስጡ ነበሩ። የእነሱን ኪሳራ ያቀለለው የነዳጅ ገንዘብ ነው። የእኛን ኪሳራ የሚከፍል ነዳጅ የለንም።

የእኛ ሁኔታ

እህቶቼ፣ ይህ ንግድ የሚጓዘው በመተማመን ነው። የአንድ ቀበሌ ልጆች ነን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፣ በአንድ መክተብ ነው የመጣነው፤ ስለዚህ አንጠራጠርም። ዘመድ በሌለበት አገር መተማመናችን ሀብታችን ነው። እነሱም የሚፈልጉት እሱን ነው።

አንዲት የማውቃት እህት አለች። ግፊት አለባት። ጓደኛዋ የሸጠችላትን ዱቄት ስትጀምር፣ ከእንግዲህ አያስፈልግሽም ስለተባለች የሐኪሙን ኪኒን ተወችው። በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ስትተኩስ ወደቀች። ሆስፒታል ገብታ ተረፈች፤ አሁን ኪኒኗን ትወስዳለች። የሸጠችላት ልጅ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የነገሯትን አምና ነው። ዛሬ ግን ሁለቱ አይነጋገሩም። አገር ቤት ጎረቤታሞች ነበሩ።

የገንዘቡንም ነገር እናስላ። በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ ተከትሎ በ2016 ዝቅተኛው ደሞዛችን 60 ዲናር ሆነ። አንቺ 90 ታገኛለሽ እንበል። መግቢያው 100 ዲናር ቢሆን፣ ስምሽ እንዳይሰረዝ በየወሩ የ15 ዲናር ዕቃ ግዢ ብትባዪ፣ በዓመት 280 ዲናር ነው። ከ3 ወር ደሞዝ በላይ ማለት ነው። ለመሸጥስ መቼ ትወጫለሽ? ሳምንታዊ እረፍት በትክክል የሚሰጠን ስንቶቻችን ነን? ደግሞ ኢቃማችን አንቀጽ 20 ነው፤ ከከፊላችን ቤት ውጭ ሥራ መሥራት አይፈቅድልንም። ዕቃ ስትሸጪ ብትያዢ ወደ አገር መመለስ ሊመጣ ይችላል። ይህን በአዳራሹ ማንም አይነግርሽም።

«ታዲያ ዕቁብስ ያው አይደለም ወይ?» ያለችኝ እህት ነበረች። ጥያቄዋ ጥሩ ነው። 10 ሆነን በወር 20 ዲናር ብንጥል፣ እያንዳንዳችን በተራችን 200 እናወጣለን። የጣልነውን ነው የምናወጣው። ማንም አይከብርም፣ ማንም አይከስርም፣ 11ኛ ሰው ፍለጋ አንዞርም። ማን መቼ እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። የኔትወርኩ ንግድ ግን ሁልጊዜ 11ኛ ሰው ይፈልጋል፤ እሷ ካልመጣች 10ኛዋ ትከስራለች።

ስትጋበዙ

የሚጋብዛችሁን ሰው አትሳደቡ። በፍቅር ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ወጪሽ ተቀንሶ ስንት ዲናር ቀረሽ? በጽሑፍ አሳዪኝ በሉ፤ ፎቶና መኪና አይደለም። ከገቢሽ ስንቱ ለማይመዘገብ ደንበኛ ሸጠሽ ነው? ስንቱስ ሰው አስገብተሽ ነው? ዕቃው ባይሸጥ ገንዘቤን ማን ይመልሳል፣ በስንት ቀን? በሽታ ያድናል የሚለው ካርቶኑ ላይ ተጽፏል ወይ?

ስኳር፣ ግፊት፣ የአስም ወይም ሌላ የዘወትር መድኃኒት ያለባችሁ፣ ሐኪም ሳያውቅ አንድም ኪኒን አትተዉ። ዱቄትም ሻይም የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሥራሥርና ቅጠልም ከመድኃኒት ጋር ሊጣላ ይችላል።

የገባችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን ያዙ፤ ካምፓኒው የመመለሻ ቀን እንዳለው ጠይቁና ሳያልፍ መልሱ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ የጠፋባችሁን ለመመለስ ብላችሁ ሌላ እህት አታስገቡ። 80 ዓመት ሙሉ ይህ ንግድ የቆመው በዚህ ነው፤ የከሰረችው ኪሳራዋን ለቀጣይዋ እያስተላለፈች።

በሚመጣው ጁምዓ ከጸሎት በኋላ ቁጭ እንላለን። ቤታችሁ ያለውን ካርቶንና ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ። እንግሊዝኛና ዓረብኛ የምታነቡ እህቶች ትረዱናላችሁ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ እናነበዋለን። ሻጮችም ኑ፤ የእናንተም ገንዘብ ነው።